ከዕዳ መዝገብ የተመለሰ ቤት፦ የሬምብራንት መኖሪያ ሙዚየም በአምስተርዳም

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ የሚገኘው በኔዘርላንድ፣ በአምስተርዳም ከተማ፣ ዮደንብሬስትራት በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ሠዓሊው ሬምብራንት ፋን ራይን ከ1639 እስከ 1658 ድረስ የኖረው፣ የሠራው፣ ያስተማረው፣ የነገደውና በመጨረሻም የከሰረው በዚህ ቤት ውስጥ ነበር። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ከአገራችን ሰዎች አምስተርዳምን የመጎብኘት ዕድል የሚያገኙት፣ እዚያው አገር የሚኖሩትም ጭምር፣ ሬምብራንትን ለማየት የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትልቁ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ወደ ራይክስሙዚየም ነው። በዚያም በ1642 የተሠራውንና «የሌሊቱ ዘብ» እየተባለ የሚታወቀውን ግዙፍ ሥዕል በብዙ ሰው ትከሻ ላይ አሻግረው ተመልክተው ይወጣሉ። ይህ ደግ ነው፤ ሥዕሉም የተመሰገነውን ያህል ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሠዓሊው ራሱ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ የኖረበት ቤት አለ። እኔ ዛሬ አጥብቄ ላሳስባችሁ የምፈልገው ለዚህ ትንሽ ሙዚየም ግማሽ ቀን እንድትሰጡት ነው። ሙዚየሙን የተለየ የሚያደርገው አመጣጡ ነው። ቤቱን ለእኛ ያቆየልን የሠዓሊው ዝና ብቻ አይደለም፤ ንብረቱ ለአበዳሪዎች ሊሸጥ በተቃረበ ጊዜ የተጻፈ አንድ የመንግሥት መዝገብ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሰው የሚያየው የጥንት ቤት ዕቃ ብቻ ይሆንበታል።

ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር። ሬምብራንት ይህን ቤት በጥር 1639 ሲገዛ ዋጋው 13,000 ጊልደር ነበር፤ ጊልደር የዘመኑ የኔዘርላንድ ገንዘብ ነው። በዚያ ዘመን አንድ የእጅ ባለሙያ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ የሚያገኘው ወደ 300 ጊልደር ገደማ መሆኑን ስናስብ የዋጋው ክብደት ይታየናል። ሠዓሊው ያኔ የ32 ዓመት ሰው ነው፤ ስሙ በከተማው ገንኗል፤ ሀብታም ነጋዴዎች መልካቸውን እንዲስልላቸው ተራ ይጠብቃሉ፤ ሚስቱ ሳስኪያም ከደህና ቤተሰብ የመጣች ነበረች። ከዋጋው አንድ አራተኛውን በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀረውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲከፍል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ግን አልከፈለም። ገቢው መልካም በነበረባቸው ዓመታት ገንዘቡን የሚያወጣው በሐራጅ ለሚሸጡ ሥዕሎች፣ ኅትመቶች (ከሰሌዳ ላይ በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች)፣ የጦር ዕቃዎችና ከሩቅ አገር ለሚመጡ ብርቅዬ ነገሮች ነበር። በ1652 ከእንግሊዝ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአምስተርዳም ንግድ ተዳከመ፤ ሥዕል የሚገዛውም ሰው ቀነሰ። በ1653 የቀድሞው የቤቱ ባለቤት ቀሪ ገንዘቡን አጥብቆ በመጠየቁ ሬምብራንት ከሦስት ሰዎች ከ9,000 ጊልደር በላይ ተበድሮ አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ ሸፈነ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አዲሶቹንም አበዳሪዎች መክፈል አቃተው።

በሐምሌ 1656 ንብረቱን ለአበዳሪዎቹ እንደሚያስረክብ ለፍርድ ባለሥልጣናት አመለከተ። በከተማው ሕግ መሠረት የከሰሩ ሰዎችን ንብረት የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጸሐፊውን ላከ፤ ጸሐፊውም በሐምሌ 25 እና 26 ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወረ ያየውን ሁሉ መዘገበ። መዝገቡ 363 ተራ ቁጥሮች አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ፣ መደርደሪያው ላይ ምን እንደተቀመጠ፣ ወንበሩ ስንት እንደሆነ በየክፍሉ ስም ሥር ሰፍሯል። የሬምብራንት የራሱ ሥዕሎች፣ የመምህሩ የፒተር ላስትማን፣ የወጣትነት ባልንጀራው የያን ሊቨንስ ሥራዎች፣ የሮም ቄሣሮች የራስ ቅርጾች፣ የራስ ቁሮች፣ ዛጎሎችና የባሕር ውስጥ ድንጋዮች፣ በቀደሙት ሠዓሊዎች በሉካስ ፋን ሌይደን፣ በማንቴኛና በሩፋኤል ኅትመቶች የተሞሉ ትላልቅ ጥራዞች አሉበት። መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ መካከል አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ተጠቅሷል። በመዝገቡ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጸሐፊው ለማጠቢያና ለማንጫ ተልኳል የተባለውን ልብስ ሳይቀር ጽፎታል፦ ሦስት የወንድ ሸሚዞች፣ ስድስት መሐረቦች፣ ዐሥራ ሁለት የገበታ ፎጣዎች፣ ሦስት የጠረጴዛ ልብሶች፣ ጥቂት አንገትጌዎችና የእጅጌ ጫፎች። እነዚህን መሥመሮች ያለ ሐዘን ማንበብ አይቻለኝም። አንድ ሰው ከአጣቢ ዘንድ ያልተመለሰው ሸሚዙ ሳይቀር በአበዳሪዎቹ ስም ሲቆጠር ቆሞ ማየት ነበረበት።

ንብረቱ በተከታታይ ሐራጆች ተሸጠ፤ ቤቱም በ1658 መጀመሪያ በ11,218 ጊልደር ሄደ። ሬምብራንት በከተማው ሌላ ወገን፣ ሮዘንግራክት በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ ገባ። በ1669 እስኪሞት ድረስ በዚያ ኖረ፤ የተቀበረውም ቬስተርኬርክ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ስሙ ባልተጻፈበት መቃብር ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ እጅ በእጅ ተዘዋወረ፤ ለሁለት ተከፈለ፤ ውስጡ ፈርሶ ተሠራ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጣም ተጎሳቁሎ ነበር። ሠዓሊው የተወለደበት 300ኛ ዓመት በ1906 ሲከበር የቤቱ ነገር መነጋገሪያ ሆነ፤ የአምስተርዳም ከተማ ገዛው፤ ከታደሰ በኋላም በ1911 ንግሥት ዊልሄልሚና በተገኙበት በሙዚየምነት ተከፈተ። በመጀመሪያው ዘመኑ ግን የሬምብራንት ኅትመቶች የሚታዩበት አዳራሽ እንጂ መኖሪያ ቤት አይመስልም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጎኑ ላይ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለት ኅትመቶቹ ወደዚያ ሲዛወሩ፣ አሮጌው ቤት በ1656ቱ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ በሠዓሊው ንድፎችና በሕንፃው ላይ በተደረገው ጥናትም እየታገዘ፣ ክፍል በክፍል እንደገና ተደራጀ። አሁን የምናየው ቤት ይህ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ቀርቦ እንደነበር መናገር ተገቢ ነው። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ አልጋው የሬምብራንት አይደለም፤ የዘመኑ ዕቃ ከያለበት ተሰብስቦ ወይም በዘመኑ ስልት ተሠርቶ የገባ ነው፤ ታዲያ ይህ ጎብኚን ማታለል አይሆንም ወይ የሚል ነበር ክርክሩ። ጥያቄው ሊናቅ አይገባውም። እኔ በበኩሌ ከሠሪዎቹ ጎን እቆማለሁ። ምክንያቴም ሙዚየሙ ዕቃው የሠዓሊው ነው ብሎ አይናገርም፤ መዝገቡ እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ስለሚል ያንኑ የመሰለ ነገር አኑረናል ይላል። የአንድ ሰው ኑሮ በምን ያህል ስፋት፣ በምን ያህል ብርሃን፣ በስንት ደረጃ መካከል እንደተካሄደ በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ በእግር መራመድ የበለጠ ያስረዳል።

ጉብኝቱ ከታች፣ ከማድ ቤቱ ይጀምራል። ትልቅ ምድጃ፣ የመዳብና የሸክላ ዕቃ፣ በግድግዳው ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የተሠራ የሠራተኛ አልጋ ይታያል። ከዚያ ወደ መግቢያው አዳራሽና ከጎኑ ወዳለው ክፍል ይገባል። ሬምብራንት ደንበኞቹን የሚቀበለው በዚህ ክፍል ነበር፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ የሱ ብቻ አልነበሩም፤ የሌሎችንም ሥራ ይሸጥ ነበርና ቤቱ ሱቅም ነበር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሠዓሊን ከገበያ ርቆ የሚኖር ሰው አድርገን ማሰብ እንወዳለን፤ ይህ ክፍል ያንን ሐሳብ ያስተወናል። ገዥ እዚህ ገብቶ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ያማትራል፤ ዋጋ ይጠይቃል።

በስተኋላ ያለው ክፍል የቤተሰቡ መኖሪያ ነበር፤ በዚህም በግድግዳ ውስጥ የተሠራ፣ በመጋረጃ የሚዘጋ አልጋ አለ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ስለ ቤቱ ሴቶች ማሰብ የግድ ነው። ሳስኪያ ሦስት ልጆችን በጨቅላነታቸው ቀብራለች፤ አራተኛው ቲቱስ በ1641 ተወልዶ አደገ፤ እሷ ግን በዓመቱ፣ በ1642፣ ገና በ29 ዓመቷ ሞተች። ቲቱስን ለማሳደግ የተቀጠረችው ጌርትየ ዲርክስ ከሬምብራንት ጋር ለዓመታት በአንድ ቤት ኖራ፣ አገባሻለሁ ብሎኝ ነበር ስትል ከሰሰችው፤ ዳኞቹም በየዓመቱ 200 ጊልደር እንዲከፍላት ወሰኑ። እሱ ግን በ1650 ሐውዳ በምትባለው ከተማ በሚገኝ የሴቶች ማረሚያ ቤት እንድትታሰር በማድረግ ረገድ እጁን አስገባ፤ አምስት ዓመት ያህል ታስራለች። ሠዓሊውን ስለምንወደው ይህን በዝምታ ማለፍ አይገባንም፤ የፈጸመው በደል ነው። ከሷ በኋላ የመጣችው ሄንድሪክየ ስቶፈልስም በ1654 ከሬምብራንት ጋር ሳትጋባ በመኖሯ በቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ፊት ቀርባ ተወቅሳለች፤ በዚያው ዓመት ኮርኔሊያ የምትባል ልጅ ወለደችለት። ከኪሳራው በኋላ ሠዓሊውን ያቆመችው እሷ ናት። ከቲቱስ ጋር ሆና የሥዕል ንግድ ማኅበር አቋቋመች፤ ሬምብራንት በማኅበሩ ሥር ስለሚሠራ አበዳሪዎቹ አዲስ የሚስለውን ሊወርሱት አልቻሉም።

ጠባቡን ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥተን ትልቁን ስቱዲዮ እናገኛለን። መስኮቶቹ ወደ ሰሜን ይመለከታሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባባቸው ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም ሳይለዋወጥ ይቆያል። ሥዕል የሞከረ ሰው ሁሉ የዚህን ጥቅም ያውቃል፤ በአንድ ፊት ላይ ያለው ጥላ በየሰዓቱ ቦታ ከቀየረ ሥራው አይገፋም። በክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የቀለም አዘገጃጀት ለጎብኚ ይታያል። ያኔ በቱቦ የታሸገ ቀለም አልነበረም፤ ያ የመጣው በ1841 ነው። ከአፈር የሚወጣው ቢጫና ቡናማ፣ ከእርሳስ የሚሠራው ነጭ፣ ከተቃጠለ አጥንት የሚገኘው ጥቁር በዱቄት መልክ ይቀመጣል፤ ሠራተኛው ከዱቄቱ ጥቂት በለስላሳ ድንጋይ ላይ አድርጎ፣ የተልባ ዘይት ጠብ እያደረገ፣ በሌላ ድንጋይ እያሽከረከረ ይፈጨዋል። ስትቀርቡ የተልባውን ሽታ ትለዩታላችሁ። መጀመሪያ የሚንኮሻኮሸው ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድና ቀለሙ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ለብሩሽ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ቆጥ የደቀ መዛሙርቱ ነበር። ክፍሉ በመጋረጃና በሸራ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ተማሪ በየጥጉ ይሠራ ነበር። እነ ፈርዲናንድ ቦል፣ ካረል ፋብሪቲየስና ሳሙኤል ፋን ሆኽስትራተን ከሬምብራንት ተምረው የወጡ ናቸው። አንድ ተማሪ በዓመት 100 ጊልደር ይከፍል እንደነበር በዘመኑ የኖረ አንድ ጀርመናዊ ሠዓሊ ጽፏል፤ ስለዚህ ትምህርቱም ከቤቱ ገቢ አንዱ ነበር።

ከሁሉ ክፍል እኔን ለረጅም ጊዜ የሚያቆመኝ የስብስብ ክፍሉ ነው። ዛጎሉ፣ የራስ ቁሩ፣ የቄሣሮቹ ቅርጽ፣ የደረቁ እንስሳት፣ ቀስትና ጦሩ ሁሉ በመዝገቡ ቅደም ተከተል ተደርድሯል። ብዙ ሰው ይህንን ስብስብ የሬምብራንት ኪሳራ ምክንያት አድርጎ ብቻ ይመለከተዋል። በርግጥ ብዙ ገንዘብ ፈሶበታል፤ ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች የሥራ መሣሪያዎቹ ነበሩ። የራስ ቁሩ በአንድ ወታደር ራስ ላይ፣ ጨርቁ በአንድ ነቢይ ትከሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በመዝገቡ ውስጥ የትንንሽ ሥዕሎች ስብስብም ተጠቅሷል፤ ሬምብራንት ሕንድን ይገዙ በነበሩት በሙጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥት የተሠሩ ትንንሽ ሥዕሎችን እያየ ከ20 የማያንሱ ንድፎችን ሠርቷል። አምስተርዳምን ለቅቆ ወደ ጣሊያን እንኳ ያልሄደው ሠዓሊ ዓለምን ወደ ክፍሉ አስመጥቶ ያጠና ነበር።

ከነዚህ ዕቃዎች አንዱን ብቻ ላንሣ። በ1650 የሠራው አንድ ኅትመት አለ፤ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ የሚያሳየውም አንድ ነጠላ ዛጎል ነው፤ ከሩቅ ምሥራቅ ባሕር የሚመጣ፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ያለው። በመዳብ ላይ የተሳለ ነገር በወረቀት ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ሬምብራንት ስሙን ሲጽፍ ይህን አስቦ መዳቡ ላይ ፊደሉን ገልብጦ ስለጻፈው በወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ዛጎሉን ግን በፊቱ እንዳየው ስለሳለው በኅትመቱ ላይ ጥምዝምዙ በተፈጥሮ ከሚዞርበት በተቃራኒ ዞሮ ወጥቷል። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ዛጎሉ በባዶ ነጭ ላይ ተቀምጧል፤ ቆይቶ እንደገና መዳቡን አንሥቶ በስተኋላው በጥቅጥቅ መሥመሮች ጥላ አበጀለት፤ ያን ጊዜ ዛጎሉ ክብደት አገኘና ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። ሁለቱን እትሞች አጠገብ ለአጠገብ የማየት ዕድል ያገኘ ሰው አንድ ሠዓሊ ሐሳቡን ሲለውጥ በዓይኑ ያያል።

በዚህ ምክንያት ነው የቤቱ እውነተኛ ሀብት ኅትመቶቹ ናቸው የምለው። ሬምብራንት በሕይወት ዘመኑ ወደ 300 የሚጠጋ የመዳብ ኅትመት ሠርቷል፤ ሙዚየሙ የነዚህን ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችል ስብስብ ይዟል። ትላልቆቹ የዘይት ሥዕሎች በዓለም ዙሪያ ተበትነዋል፤ በዚህ ቤት የሚታዩት የዘይት ሥዕሎችም በአመዛኙ የመምህሩ፣ የዘመኑ ሰዎችና የደቀ መዛሙርቱ ናቸው። በሱ እጅ የተሠራውን ለማየት የሚመጣ ሰው ወደ ወረቀቶቹ መጠጋት አለበት።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ሙዚየሙ ውስጥ ባለሙያዎች በተግባር ያሳያሉ። ኤቺንግ በሚባለው በዚህ ስልት የመዳቡ ገጽ በቀጭኑ በሰምና በሙጫ ድብልቅ ይቀባል፤ ሠዓሊው በመርፌ ሲስልበት ሰሙ እየተፋቀ መዳቡ ይገለጣል፤ መዳቡ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተገለጠውን መሥመር ብቻ እየበላ ያጎደጉደዋል። ረዘም ላለ ጊዜ የቆየው መሥመር ጠልቆ ጥቁር ይሆናል፤ ቶሎ የወጣው ቀጭንና ፈዛዛ ይሆናል። ከዚያ ሰሙ ይጠረጋል፤ ቀለም ይቀባል፤ ባለሙያዋ ትርፉን ቀለም በጨርቅ ከጠረገች በኋላ በመጨረሻ በእጇ መዳፍ ውስጠኛ ወገን ቀስ እያለች ታብሰዋለች፤ በጉድጓዶቹ ውስጥ ያለው ቀለም ብቻ ይቀራል። ረጠብ ያለ ወረቀት ይደረግበታል፤ በላዩም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፤ ከዚያ በሁለት ከባድ መዳምጦች መካከል ያልፋል። ወረቀቱ ከመዳቡ ላይ ሲላቀቅ የሚሰማው ትንሽ ድምፅና ከሥሩ ብቅ የሚለው ምስል የጎብኚውን ሁሉ ወሬ ያስቆማል።

ሬምብራንት በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ያለ ሰምና ያለ አሲድ፣ መርፌውን በቀጥታ መዳቡ ላይ እየጫነ ይጭር ነበር፤ መርፌው ሲያልፍ በጎንና በጎኑ የሚነሣው የመዳብ ፍልቃቂ ቀለም ስለሚይዝ በኅትመቱ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ ጥቁረት ይሰጣል። ይህ ፍልቃቂ በጥቂት እትም ውስጥ ስለሚደቅቅ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ከኋለኞቹ በጣም ይለያሉ። የደች ነጋዴዎች ከጃፓን የሚያመጡትንም ሞቅ ያለ መልክ ያለው ወረቀት ለምርጦቹ እትሞች ይጠቀም ነበር። «የመቶ ጊልደር ኅትመት» በመባል የሚታወቀውና ክርስቶስ ድውያንን ሲፈውስ የሚያሳየው ሥራ የዚህ ሁሉ ጥበብ ድምር ነው። በግራ በኩል ያሉት ሰዎች በጥቂት ቀጫጭን መሥመሮች ብቻ ተነክተው በብርሃን ውስጥ ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ በሽተኞቹ ከጥልቅ ጨለማ እየወጡ ይመጣሉ። ይህንን በፎቶግራፍ ያየ ሰው አይቶታል ለማለት ይከብደኛል።

አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሸሚዝና መሐረብ ሳይቀር የቆጠረው የ1656ቱ መዝገብ የሬምብራንትን የመዳብ ሰሌዳዎች አይጠቅስም። ከሞቱ በኋላ በ1679 በተጻፈ የአንድ የኅትመት ነጋዴ የንብረት መዝገብ ውስጥ ግን ከ70 በላይ የሚሆኑት ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም እስከ ዘመናችን ደርሰዋል።

አሁን ከቤቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰፈሩ ልውጣ። ዮደንብሬስትራት የአይሁድ ስደተኞች የሠፈሩበት ነበር፤ ከፖርቱጋልና ከስፔን የተሰደዱት ሊቃውንትና ነጋዴዎች የሬምብራንት ጎረቤቶች ነበሩ። ረቢ ሜናሴ ቤን እስራኤል በቅርብ ይኖር ነበር፤ ሬምብራንትም በ1655 ለረቢው መጽሐፍ አራት ትንንሽ ኅትመቶችን ሠርቶለታል። በዚያው መንገድ ዙሪያ ጥቁር ሰዎችም ይኖሩ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች የከተማውን የጋብቻና የጥምቀት መዛግብት አገላብጠው እንዳገኙት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚህ ሰፈር ውስጥ መርከበኞች፣ ወታደሮችና የቤት ሠራተኞች የሆኑ፣ እርስ በርስ የሚጋቡና አንዱ ለሌላው ምስክር የሚቆም ትንሽ የጥቁሮች ማኅበረሰብ ነበር፤ ብዙዎቹም የመጡት በባሪያ ንግድ መንገድ፣ ከብራዚልና ከአንጎላ ወገን ነው። ሙዚየሙ በ2020 ይህንኑ ጉዳይ የያዘ፣ በሬምብራንት ዘመን ስለነበሩ ጥቁር ሰዎችና ስለ ሥዕሎቻቸው ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ነበር። ዐውደ ርእዩ ያስረዳው፣ በዚያ ዘመን ሥዕሎች ውስጥ የሚታዩት ጥቁር ፊቶች ሁሉ ከሌላ ሥዕል የተቀዱ ወይም በምናብ የተፈጠሩ እንዳልነበሩና ሠዓሊዎቹ በመንገድ ላይ የሚያገኟቸውን ሰዎች ፊት ለፊት አስቀምጠው ይስሉ እንደነበር ነው። ጸሐፊው በ1656 ከመዘገባቸው ሥዕሎች አንዱ ሁለት ጥቁር ሰዎችን በአንድነት የሚያሳይ የሬምብራንት ሥራ ነው። በዘ ሄግ ከተማ፣ ማውሪትስሃውስ በሚባለው ሙዚየም፣ 1661 የሚል ዓመት የተጻፈበት የሁለት አፍሪካውያን ሥዕል ዛሬም ይገኛል፤ አንዱ ራሱን ወደ ሌላው ትከሻ ዘንበል አድርጎ፣ ሌላው ወደ ሩቅ ይመለከታል። ክብራቸው የተጠበቀ ፊቶች ናቸው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከዚህ የቀረበ አንድ ነገር አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን፣ የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሹም የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ አግኝቶት አጠመቀው። የታሪክ ሊቃውንት የህንደኬን መንግሥት በዛሬዋ ሱዳን ከነበረችው ከሜሮዌ ጋር ያያይዙታል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የራሷ የመጀመሪያ ፍሬ አድርጋ ስታስበው ኖራለች። ይህ ሰው በኔዘርላንድ ሠዓሊያን ዘንድ የተወደደ ርእሰ ጉዳይ ነበር። የሬምብራንት መምህር ላስትማን ደጋግሞ ሥሎታል፤ ሬምብራንት ራሱም በ1626፣ የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በዘይት ቀለም ሠራው። ያ ሥዕል ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቶ በ1970ዎቹ ተገኘ፤ አሁን በዩትሬክት ከተማ፣ ካታሪነኮንቬንት በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ጃንደረባው ነጭ ካባውን እንደደረበ ተንበርክኳል፤ አገልጋዮቹ በስተኋላው ቆመዋል፤ ከነሱም አንዱ ትልቁን መጽሐፍ ገልጦ ይዟል። ወጣቱ ሠዓሊ ሰዎቹን፣ ፈረሶቹንና ሠረገላውን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ጠባቡን ሰሌዳ ሞልቶታል፤ የመምህሩ ትምህርት ገና አልለቀቀውም።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1641፣ ማለት በዮደንብሬስትራት ቤት ሲኖርና ቲቱስ በተወለደበት ዓመት፣ ወደዚሁ ታሪክ ተመልሶ በኤቺንግ ሠራው። ወረቀቱ በስፋቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አሁን መጨናነቁ ቀርቷል፤ ሰፊ አገር ይታያል፤ ጃንደረባው በውኃው ዳር ተንበርክኳል፤ ፊልጶስ በላዩ ቆሟል፤ አንድ አጃቢ በፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ይጠብቃል። በዘይት ሥዕሉ ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ ሥርዓቱ ተጠግቶ ነበር፤ እዚህ ግን አጃቢዎቹ መንገደኞች ናቸው፤ ጌታቸው ከጉዞው ወርዶ የሚያደርገውን ነገር ከርቀት ይመለከታሉ። እኔ ይህን ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ። በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ነገሩ የተፈጸመው በምድረ በዳ መንገድ ላይ፣ በጉዞ መካከል ነው፤ ኅትመቱ ያንን መንገድ ያሳያል።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ማሳሰቢያ ሰጥቼ ለጥያቄ መድረኩን ልልቀቅ። ወረቀት በብርሃን ስለሚጎዳ ሙዚየሙ ኅትመቶቹን በየጊዜው እየቀያየረ ነው የሚያሳየው፤ የጃንደረባውን ኅትመት ወይም ዛጎሉን ለይታችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጽፋችሁ ጠይቁ። የኅትመቱን ሠርቶ ማሳያ ሳታዩ ወደ ኅትመት ክፍሉ አትግቡ፤ ቅደም ተከተሉ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ማጉያ መነጽር ያላችሁ ያዙ፤ መሥመሮቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። የ1626ቱን ሥዕል ለማየት ከአምስተርዳም ወደ ዩትሬክት በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ፣ ጠዋት ቤቱን፣ ከሰዓት በኋላ ካታሪነኮንቬንትን አይቶ መመለስ ይቻላል። ዐውደ ርእዮች ስለሚቀያየሩ እዚያም ሥዕሉ በዕለቱ መታየቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።